አንድ ስም ለሁለት ቅርጽ፤ «ካርቤኖይድ» በሚባለው ቃል ላይ የቀረበ ሂስ

በአገራችን «ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላል። በኬሚስትሪም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስም ከአንድ ላቦራቶሪ ይወጣል፤ ጎረቤት የሆነው ላቦራቶሪ ይቀበለዋል፤ ቀጥሎ የመማሪያ መጽሐፍ ጸሐፊው፥ በመጨረሻም ተማሪው ይቀበለዋል። ነገር ግን ስሙ መጀመሪያ ምን ለማለት እንደ ወጣ፥ ከቤት ወደ ጎረቤት በተሻገረ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው እንደዚህ ያለውን አንድ ስም ነው፤ እርሱም «ካርቤኖይድ» የሚባለው ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ቃሉ በ1964 ሲወጣ ትሑትና ጠቃሚ ነበር፤ ዛሬ ግን በቅርጽ የማይገናኙ ሁለት ዓይነት ውሑዶችን በአንድ ጥላ ሥር ስለሚያስቀምጥ ተማሪውን ያሳስታል፤ ስለዚህ ወሰን ሊበጅለት ይገባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ጉዳዩን በጅጅጋ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅጅጋ ከተማ፥ ከቀብሪ በያህ፥ ከቶጎ ውጫሌ፥ እንዲሁም በቀድሞው የባቡር መሥመር ካሉት ከሽንሌ፥ ከኤረርና ከደወሌ የሚመጣው ተማሪ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን የጀመረው በሶማሊኛ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ሳይንስን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛንም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይዞታል። እንግዲህ አንድ የኬሚስትሪ ስም ወደ እርሱ የሚደርሰው በሦስት ቋንቋ በር አልፎ ነው። ስሙ ከምንጩ የጠራ ከሆነ ሦስቱም በሮች አይጎዱትም። ከምንጩ የተምታታ ከሆነ ግን በየበሩ አንድ ተጨማሪ መምታታት ይጨመርበታል። ስለ ስም መከራከር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ጓደኛ ቢኖር፥ ይህን እንዲያስብልን እንወዳለን።

አስቀድመን ሁሉም ከሚያውቀው ምሳሌ እንነሣ። ብረት የሚበይድ ሰው ካርባይድ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ውሃ ሲነካው አሲቲሊን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ የሚሰጥ ድንጋይ መሳይ ነገር ነው። በሙሉ ስሙ ካልሲየም ካርባይድ ይባላል። በ1862 ቮለር የተባለው ጀርመናዊ ሠራው፤ በ1892 ደግሞ ቶማስ ዊልሰን ኖራንና የድንጋይ ከሰልን የመሰለ ካርቦንን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያግል ስላገኘው ለገበያ በቃ። ከዚህ ሌላ አሉሚኒየም ካርባይድ የሚባል ውሑድ አለ። ተማሪው ሁለቱም ካርባይድ ስለ ተባሉ አንድ ጠባይ ይጠብቃል። ነገር ግን አሉሚኒየም ካርባይድ በውሃ ሲነካ የሚሰጠው አሲቲሊን ሳይሆን ሜቴን ነው። ምክንያቱም በካልሲየሙ ውስጥ ካርቦኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስትዮሽ ትስስር የተያያዙ ናቸው፤ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ካርቦን ለብቻው ነው። ስሙ የደበቀውን ውሃ ገለጠው። ስለዚህ ለካልሲየሙ «አሲቲላይድ» የሚለው ስም ይሻላል፤ ቅርጹን ይናገራልና። ይህን ምሳሌ አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ የካርቤኖይድም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ካርቦን በተለመደው ሁኔታ አራት ትስስሮች አሉት፤ በዙሪያውም ስምንት ኤሌክትሮኖች ይቆጠራሉ። ካርቤን የሚባለው ግን ሁለት ትስስሮች ብቻ ያሉት፥ ሁለት ያልተሳሰሩ ኤሌክትሮኖችን የያዘ፥ በጠቅላላው ስድስት ኤሌክትሮኖች ብቻ ያሉት ካርቦን ነው። እንዲህ ያለው ነገር ጎዶሎ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ለቅጽበት ብቻ ይኖራል፤ ከመነሻው ውሑድና ከመድረሻው ውሑድ መካከል ብቅ ብሎ ይጠፋል። በ1862 ጎይተር ክሎሮፎርም በአልካሊ ሲፈርስ እንደዚህ ያለ ነገር በመካከሉ እንደሚያልፍ ገመተ። በ1950 ጃክ ሃይን ግምቱን በሪአክሽን ፍጥነት ጥናት አጸናው። በ1954 ደግሞ ዶሪንግና ሆፍማን ከክሎሮፎርም የተገኘውን ዳይክሎሮካርቤን በሳይክሎሄክሲን ድርብ ትስስር ላይ አሳርፈው ሦስት ካርቦን ያለውን ቀለበት፥ ማለት ሳይክሎፕሮፔንን፥ አወጡ።

በ1958 በዱፖንት ኩባንያ የሚሠሩት ሲመንስና ስሚዝ ሌላ መንገድ አገኙ። ዳይአዮዶሜቴንን ከመዳብ ጋር በተጣመረ ዚንክ አማካይነት በኤተር ውስጥ ሲያዋሕዱት፥ ድርብ ትስስር ያለው ውሑድ ሁሉ ወደ ሳይክሎፕሮፔን የሚለወጥ ሆነ። ውጤቱ ካርቤን የገባበት ይመስላል። ነገር ግን ነጻ ካርቤን በዚያ የለም፤ ያለው አዮዶሜቲልዚንክ አዮዳይድ የተባለው ውሑድ ነው። ይህንንም ኤምሽዊለር የተባለው ፈረንሳዊ ቀድሞ በ1929 አዘጋጅቶት ነበር። በዚህ ውሑድ ካርቦኑ አራት ትስስሮቹን አላጎደለም፤ ሁለት ሃይድሮጅኖችን፥ አንድ አዮዲንና አንድ ዚንክን ይዟል።

በ1964 ክሎስና ሞስ በሊቲየም ውሑዶች አማካይነት የተገኘውን ውጤት፥ በብርሃን ኀይል ከተለቀቀው ነጻ ካርቤን ውጤት ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ተቀራራቢ ቢሆኑም አንድ አልሆኑም። ስለዚህ «ካርቤኖይድ» የሚለውን ቃል አወጡ፤ ትርጉሙም የካርቤንን የመሰለ ሪአክሽን የሚያሳይ፥ ነገር ግን ነጻ ካርቤን መሆኑ የማያስፈልግ መካከለኛ ማለት ነው። ቅጥያው ከግሪክ የመጣ ሆኖ በእኛ ቋንቋ «መሳይ» እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልናመሰግናቸው ይገባል። ቅርጹን በዐይናቸው ሳያዩ ቅርጹን የሚናገር ስም አላወጡም፤ ያዩትን ጠባይ ብቻ ሰየሙ። ስሙ የዕውቀታቸውን ወሰን በሐቅ የሚያሳይ ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ቅርጹ ታየ። በጀርመን አገር ኮብሪሽ በ1960ዎቹ ዓመታት እነዚህን የሊቲየም ውሑዶች ከዜሮ በታች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ጠብቆ አጠናቸው። ዜባክና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ በኒውክሌር ማግኔት ሬዞናንስ መረመሯቸው፤ የካርቦኑም ምልክት ኤሌክትሮን እንደ ጎደለው ካርቦን እጅግ ርቆ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዴንማርክና ባልደረቦቹ የዚንኩን፥ ቦሼና ባልደረቦቹ የሊቲየሙን ክሪስታል በኤክስሬይ አነበቡ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ሥዕል አንድ ነው፦ በአንድ ካርቦን ላይ ሁለት ተቃራኒ ጎረቤቶች፥ ማለት ኤሌክትሮን የሚለቅ ብረታ ብረትና ኤሌክትሮን ይዞ ለመውጣት የተዘጋጀ ሃሎጅን፥ አብረው ተቀምጠዋል።

የጠባዩም ምክንያት ከዚሁ ይወጣል። ካርቦኑ ከሊቲየም ጋር ባለው ትስስር ላይ ኤስ የሚባለውን ኦርቢታል በብዛት ያውላል፤ ስለዚህ ከሃሎጅኑ ጋር ላለው ትስስር የሚተርፈው በአብዛኛው ፒ የሚባለው ኦርቢታል ነው። በዚህም ምክንያት የሃሎጅኑ ትስስር ይረዝማል፥ ይላላልም። እንግዲህ ይህ ካርቦን ሁለት ፊት አለው። በብርዱ ሳለ ብረታ ብረቱ ስለሚያይል ኤሌክትሮን ለጋሽ ነው፤ ማቴሰን በ1980 ዳይክሎሮሜቲልሊቲየምን ከቦሮን ውሑዶች ጋር ሲያዋሕድ የተጠቀመበት በዚህ ፊቱ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ሃሎጅኑ ስለሚለቅ ኤሌክትሮን ፈላጊ ይሆናል፤ ሊቲየም ክሎራይድን ጥሎ ይፈርሳል፥ ሙቀትም ይለቃል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ስሙን ብቻ ይዞ ብልቃጡን ከቅዝቃዜው ቢያወጣ፥ የሚጠፋው ማርክ ብቻ አይደለም፤ ዐይኑና እጁም አደጋ ላይ ናቸው።

እስከዚህ ያለው ቢሆን ኖሮ ሂስ ባላስፈለገን ነበር። ችግሩ የመጣው ከሌላ ቤት ነው። በዚያው በ1964 ኤርንስት ኦቶ ፊሸርና ማስበል በሙኒክ ቱንግስተን ከካርቦን ጋር በድርብ ትስስር የተያያዘበትን ውሑድ አወጡ። በ1974 ደግሞ ሪቻርድ ሽሮክ ከታንታለም ጋር ተመሳሳይ ድርብ ትስስር ያለው፥ ነገር ግን በጠባዩ ተቃራኒ የሆነ ውሑድ ሠራ፤ በፊሸሩ ውሑድ ካርቦኑ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው፥ በሽሮኩ ግን ኤሌክትሮን ለጋሽ ነው። ፊሸር በ1973፥ ሽሮክ ከሾቨንና ከግራብስ ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እነዚህ ውሑዶች «የብረታ ብረት ካርቤን ኮምፕሌክስ» ይባላሉ። በእነርሱ ካርቦኑ ላይ የሚለቅ ሃሎጅን የለም፤ በአንድ ካርቦን ላይ ሁለት ተቃራኒ ጎረቤቶችም የሉም። ቅርጹ ሌላ ነው።

በ1973 እነ ቴሲዬ በቤልጅግ ሮዲየም አሲቴት ዳያዞ የሚባሉትን ውሑዶች ናይትሮጅናቸውን አስለቅቆ እንደ ካርቤን እንደሚያሠራቸው አሳዩ። በመካከሉ የሚፈጠረው ነገር ቶሎ ስለሚያልፍ ማንም አላየውም። ሰዎች በጥንቃቄ «ሮዲየም ካርቤኖይድ» አሉት፤ እኛም በዚያ ጊዜ ብንሆን እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን በ2013 ይህ መካከለኛ በስፔክትሮስኮፒ ታየ፤ ጥቂት ቆይቶም የዚህ ዓይነት ውሑድ ክሪስታል ተነበበ። ሮዲየምና ካርቦን ያለ አንዳች ሃሎጅን በቀጥታ የተሳሰሩበት ነው፤ ስለዚህ ወገኑ ከእነ ፊሸር ጋር ነው። ሆኖም ብዙ ጽሑፎችና መማሪያዎች ከዚያም ወዲህ «ሮዲየም ካርቤኖይድ» ማለትን አልተዉም። ነቀፋችን በዚህ ላይ ነው። ባለማወቅ ጊዜ የተሰጠ ጊዜያዊ ስም፥ ዕውቀት ከመጣ በኋላ ቋሚ ርስት ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረትም በቃላት መድበሉ የሰጠው ትርጉም ችግሩን አያቃልልም። እንደ መድበሉ አነጋገር ካርቤኖይድ ማለት ከሌላ ነገር ጋር የተሳሰረ፥ ካርቤን መሳይ ሆኖ የካርቤንን ጠባይ በቀጥታ ወይም የካርቤን ምንጭ በመሆን የሚያሳይ ነው። ይህ ሰፊ ድንኳን ነው፤ ሊቲየሙም፥ ዚንኩም፥ ሮዲየሙም ይገቡበታል። በተለይ የሚገርመው፥ ጠባይን ብቻ መለኪያ ካደረግን ፍርዱ የሚገለበጥ መሆኑ ነው። ነጻ ሜቲሊን ድርብ ትስስርን ብቻ ሳይሆን የካርቦንና የሃይድሮጅንን ነጠላ ትስስርም ሳይመርጥ ሰንጥቆ ይገባል። የሮዲየሙም መካከለኛ በዚህ በነጠላ ትስስር መግባት የታወቀ ነው። የሲመንስና የስሚዝ ዚንክ ግን ይህን አያደርግም፤ ሥራው በድርብ ትስስር ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ በጠባይ ብንመዝን ከዚንኩ ይልቅ ሮዲየሙ ካርቤንን አብልጦ ይመስላል። ስሙ ለዚንክና ለሊቲየም ወገን ወጥቶ ሳለ፥ በራሱ መለኪያ ለሌላ ወገን ይበልጥ የሚስማማ ከሆነ፥ መለኪያው ራሱ የታመመ ነው ማለት ነው።

የዚህን ጉዳት በአንድ የፈተና ጥያቄ እንመልከት። «ሳይክሎሄክሲን ከካርቤኖይድ ጋር ሲዋሐድ ምን ይገኛል?» ተብሎ ተጠየቀ እንበል። ዚንኩን ያሰበ ተማሪ አንድ ጥሩ መልስ ይሰጣል፦ ከስድስቱ ካርቦን ቀለበት ጎን የተለጠፈ የሦስት ካርቦን ቀለበት። ሮዲየሙን ያሰበ ተማሪ፥ ከድርብ ትስስሩ አጠገብ ባለው ነጠላ ትስስር መግባትንም ይጨምራል። የሊቲየሙን ብርድና ሙቀት ያሰበው ደግሞ «በስንት ዲግሪ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም ተማሪዎች ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። በእንደዚህ ያለ ጥያቄ ማርክ የሚቀነስበት ተማሪ ኬሚስትሪ ስላላወቀ አይደለም፤ ጠያቂው በልቡ የያዘውን ቅርጽ ሊያይ ስላልቻለ ነው።

በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችለውን ተቃውሞ ሳናነሣ አናልፍም። አንደኛው ተቃውሞ፥ በእነዚህ ውሑዶች መካከል የተሰመረ ጥርት ያለ ድንበር የለም፤ በብልቃጥ ውስጥ ያለው ነገር በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው አይደለም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ዚንኩ በአሟሚው ውስጥ አንድ ጊዜ አዮዲንን፥ ሌላ ጊዜ ሁለተኛ የካርቦን ወገን እየያዘ ይለዋወጣል፤ ግሪኛርድ በ1900 ያወጣው የማግኔዚየም ውሑድም እንዲሁ እንደሚለዋወጥ ሽሌንክ በ1929 አሳይቷል። ቡቲልሊቲየምም ቢሆን በሄክሴን ውስጥ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚቀመጥ ሲሆን፥ መምህራን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ብቻውን የቆመ «ካርባንዮን» አድርገው ይሥሉታል። ነገር ግን ድንበሩ ጭጋግ ያለበት መሆኑ ሁለቱ አገሮች አንድ ናቸው አያሰኝም። ከነጠላ ትስስር ጋር የሚለቅ ወገን መኖሩና አለመኖሩ በክሪስታል የታየ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ስም ከተለመደ በኋላ መለወጥ የቆየውን ጽሑፍ ሁሉ ለማንበብ ያስቸግራል የሚል ነው። እኛ ግን ስሙ ይሻር አላልንም፤ ይወሰን አልን እንጂ። በ1991 አርዱዌንጎ በጠርሙስ ሊቀመጥ የሚችል ነጻ ካርቤን በክሪስታል ባወጣ ጊዜ፥ «ካርቤን» የሚለው ስም አልተሻረም፤ «ለቅጽበት ብቻ የሚኖር» የሚለው ልማድ ግን ተሻረ። ለካርቤኖይድም የምንለምነው ይህንኑ ያህል ነው።

ስለ ራሳችን ቋንቋዎችም ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ብረት» ስንል ብረትን ራሱን ማለታችን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የወገኑን ሁሉ ስም አድርገን እንናገረዋለን። በሶማሊኛም «ቢር» የሚለው ቃል እንደዚሁ ሁለቱን ይሸከማል። እንግዲህ ሊቲየምን፥ በቢላዋ የሚቆረጠውንና በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን፥ «ብረት» ብሎ ለተማሪ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ለወገኑ «ብረታ ብረት» ወይም በቀጥታ «ሜታል» ማለት፥ «ብረት»ን ግን ለብረት መተው ይሻላል እንላለን። «ካርቤን መሳይ» የሚለውንም ትርጉም ለመማሪያ አናጸድቅም፤ «ማን ነው የሚመስለው? በምንስ ነው የሚመስለው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ በአማርኛ ያጸናዋልና።

በጅጅጋና በአካባቢው ያለው የሶማሌ ልማድ ግን መልካም ትምህርት ይሰጠናል። በአንድ ሰፈር ብዙ አሕመዶች ስለሚኖሩ ለእያንዳንዱ «ናናይስ»፥ ማለት ቅጽል ስም፥ ይወጣለታል፤ ረጅሙ አሕመድ «ዴሬ»፥ አጭሩ «ጋብ» ይባላል። ቅጽሉ የሚታየውን ነገር ስለሚናገር ሰው አይሳሳትም፤ አሕመድ የሚለውም ስም አይሻርም። ለኬሚስትሪያችንም ይህን ሥርዓት እንመክራለን። አንደኛ፥ በአንድ ካርቦን ላይ ብረታ ብረትና የሚለቅ ወገን በነጠላ ትስስር የተቀመጡበት ብቻ «ካርቤኖይድ» ይባል፤ ከፊቱም ሁለቱ ጎረቤቶች ይጠሩ፤ «የሊቲየምና የክሎሪን ካርቤኖይድ»፥ «የዚንክና የአዮዲን ካርቤኖይድ» እንደ ማለት። ሁለተኛ፥ የሚለቅ ወገን ሳይኖር ብረታ ብረትና ካርቦን በቀጥታ የተሳሰሩበት፥ ድርብ ተደርጎ የሚጻፈው፥ «የብረታ ብረት ካርቤን» ይባል፤ ሮዲየሙም ወደዚህ ይግባ። ሦስተኛ፥ ቅርጹ ገና ያልታየ መካከለኛ ሲገጥመን «ቅርጹ ያልታወቀ ካርቤን ሰጪ» ብለን ባለማወቃችን ላይ ስም አንደርድር።

ይህን ለመጀመር ኮሚቴ መጠበቅ አያስፈልግም። መምህራኖቻችን በፈተና ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የብረታ ብረቱን ዓይነት፥ የሚለቀውን ወገንና የሙቀቱን መጠን ቢጨምሩ ግማሹ ሥራ ያልቃል። ተማሪዎችም የላቦራቶሪ ዘገባችንን ስንጽፍ «ካርቤኖይድ ተፈጠረ» ብለን ከማለፍ፥ ካርቦኑ ከማን ጋር በስንት ትስስር እንደ ተያያዘ አንድ ዐረፍተ ነገር ብንጨምር ሌላው ግማሽ ያልቃል። በዚህ አስተያየት የማይስማሙ መምህራንና ጓደኞች መልሳቸውን በሚቀጥለው ዕትም እንዲያወጡልን እንጋብዛለን፤ በተለይም ለሁለተኛው ወገን ከእኛ የተሻለ የአማርኛም ሆነ የሶማሊኛ ስም ያለው ሰው ቢኖር ሊነፍገን አይገባም።